በማዘዣው ላይ ያለው ስም

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ለትህትና ሰው አልነገራትም፤ ኑሮ በጥፊ አስተማራት እንጂ። ትህትና ማለት መቱ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጋሼ ካሚል ልብስ ስፌት ቤት አጠገብ ባለችው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ የምትቆመው ፋርማሲስት ናት። ትውልዷ ደብረ ብርሃን ነው። መቱ የመጣችው ባሏ እንግዳው እዚያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ተከትላው ነው። ኦሮምኛዋ ከባንኮኒው አያልፍም፤ «ጧት አንድ፣ ማታ አንድ»፣ «ከምግብ በኋላ»፣ «ልጆች እንዳይነኩት»፣ አለቀ። ከዚያ በላይ ነገር ሲመጣባት ወደ ሴና ትዞር ነበር። ሴና አብራት የምትሠራ የጎሬ ልጅ ናት። በዚያ ክረምት ግን ሴና ወልዳ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረችና ትህትና ከነጥርጣሬዋ ብቻዋን ቀርታለች።

ጥርጣሬዋ ደግሞ እንዲሁ ከመሬት የበቀለ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ደርባባ ሽማግሌ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ባለቤቴን ወገቧ አላስተኛ አላት» ብለው ማዘዣ ሰጧት። ማዘዣው ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ምን ይጎድለዋል? ትራማዶል ይላል። ትራማዶል ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለታመመ እፎይታ ሲሆን ላልታመመ ጎረምሳ ደግሞ መስከሪያ ነው። ሰጠቻቸው። ቆይቶ ያው መድኃኒት በየመንደሩ ለተማሪዎች ሲቸረቸር ተያዘ፤ ማዘዣውን ጻፈ የተባለው ሐኪምም ከነጭራሹ ያልተፈጠረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው መደርደሪያዋን አሸጉባት። ፈቃዷ የተረፈው ለጥቂት ነው። «እኚያ ሰውዬ እንኳን የታመመች ሚስት፣ የሰው ልብም የላቸው!» እያለች ስንት ቀን ተንገበገበች።

ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ ነገሩ። ሳል ይዞት የመጣውን ሰው ሳሉ ለራሱም የውሸት እስኪመስለው ድረስ ታፋጥጠዋለች። የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ «አለቃቀሱን ለምዶታል»፣ የማያለቅስ ሲመጣ «ምን ያህል ቢደፍር ነው» ትላለች። ጋሼ ካሚል ከስፌት ቤታቸው በር ላይ ሆነው «ትህትናዬ፣ አንቺ ዘንድስ ሰው ታሞ ሳይሆን ተከሶ ነው የሚመጣው» ብለው ይቀልዱባት ነበር። እሷም ትስቃለች፤ ግን አትለወጥም።

ሴትዮዋ የመጣችው እንዲህ ያለችው ትህትና ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ነበር፤ የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው ከሰው አያደማምጥም። ራሷ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጋለች፣ ጫማዋ ጭቃ ጠግቧል። ገባ ብላ በሩ ሥር ቆመች። ወለሉን እንዳታቆሽሽ ሰግታ ነው። ትህትና ግን በሆዷ «ለመሮጥ እንዲመቻት ነው ከበሩ ያልራቀችው» አለች።

«ቅረቢ እንጂ» አለቻት።

ሴትዮዋ ቀረበችና ከደረቷ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ትህትና ወረቀቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ማኅተሙን፣ ፊርማውን፣ ቀኑን መረመረች። በሽተኛው ኢቲቻ ደቅሲሳ ይባላሉ፤ አዛውንት ናቸው፤ ሕመማቸው የጉሮሮ ካንሰር ነው። መድኃኒቱ ትራማዶል፣ በአፍ የሚዋጥ እንክብል፣ ጧትና ማታ። ያዘዘው ዶክተር ጎንፋ። ትራማዶል የምትለዋን ቃል ስታይ ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

«በሽተኛው ምንሽ ናቸው?»

«የልጆቼ አያት ናቸው፣ ዶክተር።» በዚያ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ስማቸውን ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ጣለች።

«ስማቸው ማን ነው?»

«ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ማንበብማ እኔም ተምሬያለሁ! አንቺ ንገሪኝ ነው የምልሽ።»

እዚህ ላይ በትህትና አንፍረድባት። መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ትክክለኛውን መድኃኒት፣ ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ሰዓትና በትክክለኛው መንገድ ነው መስጠት ያለበት፤ በአፍ የታዘዘው በአፍ፣ በደም ሥር የታዘዘው በደም ሥር። ትክክለኛውን ሰው ለማወቅ ደግሞ ስም ይጠየቃል። ወረቀት ከመንገድ ይነሳል፣ ይሰረቃል፣ ይገዛል። ስም ጠይቆ ማመሳከር ሥራዋ ነው። ክፉው ነገር የመጣው ከጥያቄው አይደለም፤ መልሱ ከመምጣቱ በፊት እሷ ፍርዷን ጨርሳ ስለነበር ነው።

ሴትዮዋ አቀርቅራ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። «እኔ ስማቸውን አልጠራም፣ ዶክተር። ነውር ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አንዲት የኦሮምኛ ቃል ጨመረች። ትህትና ቃሏን አታውቃትም፤ ምን ማለት እንደሆነች ልጠይቅ እንኳ አላለችም። «ስም መጥራት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ስሙን ስለማታውቀው ነው እንጂ!» አለች ለራሷ።

«እሺ፣ ነውሩ ይቆየን። እኚህ ሰው ላንቺ ምንሽ ናቸው?»

«አባቴ ናቸው።»

«አባትሽ! መታወቂያ ይዘሻል?»

ይዛለች። አወጣች። ቢሊሴ ኦልጂራ ይላል፤ አድራሻ ሁሩሙ። ትህትና መታወቂያውንና ማዘዣውን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው። «አባትሽ ኢቲቻ ከሆኑ አንቺ እንዴት ኦልጂራ ሆንሽ? እስቲ አስረጂኝ።» እንዲህ ስትል ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረ፣ እውነቱን ለመናገር። አዳኝ ዱካ ሲያገኝ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ነው።

 የቢሊሴ አማርኛ ለገበያ ይበቃል፤ ለችሎት አይበቃም። ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ሁሉንም ትታ ወደ መጣችበት ጉዳይ ገባች። «ዶክተር፣ ሐኪም ቤት የሰጡንን እንክብል መዋጥ አቅቷቸዋል። ቀድደን ዱቄቱን በማር ለወስንላቸው፤ ትን አላቸው። ውኃም አይወርድላቸውም። እባክዎ በመርፌ ይቀይሩልኝ፤ ጤና ጣቢያ የሚወጋልን ሰው አለ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ነው ያደሩት።»

በመርፌ! ትህትና የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። እንክብል የሚውጥ ጎረምሳ አለ፤ የባሰበት ደግሞ መርፌ ይፈልጋል። ስም የለም፣ መታወቂያው አይመሳከርም፣ አሁን ደግሞ መርፌ። ግን ብልጥ ናትና አንድ ፈተና ቀራት። ድምፅዋን አለሳለሰች።

«መርፌ ሐኪሙ ሳያዝ አይሆንም፣ እህቴ። መዋጥ ለማይችል በሽተኛ ግን ሌላም መንገድ አለ፤ ከኋላ የሚገባ። ቅባት መሰል ነገር ነው፣ እንደ ጣት ጫፍ። ፊንጢጣቸው ውስጥ ታስገቢላቸዋለሽ፣ ሟሙቶ ወደ ደም ይገባል። ሐኪሙን እናገርና እሱን ልስጥሽ?»

ቢሊሴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እኔ? እኔ ነኝ ለእሳቸው?» አለችና ላስቲኳን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ዓይኗን የምትጥልበት አጣች።

ለትህትና ነገሩ ያኔ አለቀ። «አባቱ የሚያቃስትበት ሰው ከኋላም ይሁን ከፊት አይመርጥም» አለች በሆዷ። «መርፌው ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ለማን? እግዜር ይወቀው።» ማዘዣውን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት።

«ሐኪሙን ሳላገኝ አንዲት ፍሬ አልሰጥም። ወረቀቱም እኔው ዘንድ ይቆያል። ስማቸውን መጥራት የሚችል ሰው ይዘሽ ነይ፤ ወይም ራስሽ ጥሪው።»

«ወረቀቱን ይስጡኝ እንኳ» አለች ቢሊሴ። «ሌላ ቦታ ልጠይቅ።»

«አልሰጥም።»

 ቢሊሴ አፏን ከፈተች፤ ከንፈሯ ቃል ሊያወጣ ተንቀሳቀሰና ተመልሶ ተዘጋ። እንባዋ ወረደ። «ዛሬ ማታስ ምን ልበላቸው?» አለች። ትህትና የመሳቢያውን ቁልፍ ኪሷ ከተተች። ሴትዮዋ ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ ባዶ እጇን ወደ መናኸሪያው ሄደች።

ትህትና ዶክተር ጎንፋ ጋ ደወለች፤ ቁጥሩ ማኅተሙ ላይ ነበረ። አያነሳም። ደገመች፣ አያነሳም። በቴሌግራም መልእክት ላከችለት። «ባያነሳም ምንም አይደል፣ እኔ ዛሬ አንድ ሌባ መልሻለሁ» ብላ ሻይ አዘዘች። ሻዩ ግን አልጣፈጣትም። «ዛሬ ማታስ ምን ልበላቸው?» የምትለዋ ነገር ከጆሮዋ አልወጣ ብላ፣ ይቺስ ደግሞ የምን ተዋናይ ናት ስትል አመሸች።

ቤት እራት ላይ ለእንግዳው ሁሉንም ነገረችው፤ መታወቂያውን ከማዘዣው እንዴት እንዳፋጠጠች፣ ከኋላ በሚገባው መድኃኒት እንዴት እንደፈተነቻት።

«እንዴት ያለሽ መርማሪ ነሽ» አለ እንግዳው እየጎረሰ። «እውነቷን ቢሆንስ?»

«አንተ ደግሞ! ለተማሪዎችህም እንዲህ እየሆንክ ነው የሚኮርጁብህ።»

ስልኳ የጮኸው ይህን ስትል ነው። ዶክተር ጎንፋ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደነበረ ነገራት። ትህትና ግን ለሐኪሙም አልተኛችለትም፤ «ይቅርታ ዶክተር፣ እርስዎ መሆንዎን በምን አውቃለሁ?» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። ሁሩሙ ያሉ አዛውንት መሆናቸውን፣ ዕጢው የት እንዳለ፣ ማዘዣውን መቼ እንደጻፈ አንድ በአንድ ነገራት። ማዘዣው ፊቷ ባይኖርም በቃሏ ይዛዋለችና ሁሉም ገጠመ።

«ታዲያ ሴትዮዋ ስማቸውን ለምን አትጠራም?» አለችው። «አባቴ ናቸው ትላለች፤ መታወቂያዋ ሌላ ነው የሚለው።»

 የሐኪሙ ሳቅ ከድምፁ ጠፋ። «የባሏ አባት ናቸዋ፣ ትህትና! ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ላጉ ይባላል። የከተማው ሰው እየተወው ነው እንጂ፣ ያጠበቀችው ሴት ብትሞትም አትጠራውም። እናቴ ቀበሌ ስትሄድ እኔን ይዛ ነበር የምትሄደው፣ የአያቴን ስም እንድጠራላት። ባለፈው ባሏ ነበር አባቱን ሐኪም ቤት ያመጣቸው፤ አሁን ጋምቤላ ሥራ ላይ ነው። ቤት ያለችው እሷና አሮጊቷ አማቷ ብቻ ናቸው።»

ትህትና ቃሏን አሁን አወቀቻት። ላጉ። ቢሊሴ የነገረቻት እሷኑ ነበር።

«መርፌ ጠየቀችኝ» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «እኔ ደግሞ ከኋላ የሚገባውን…»

«ለሷ? ለአማቷ በእጇ እንድታስገባላቸው?» ዶክተር ጎንፋ ባለማመን ተነፈሰ። «አንቺ ሴትዮ! ስሙን መጥራት የሚያሳፍራትን ሰው ነው?»

እንግዳው ጉርሻውን አቁሞ ያያታል። ትህትና ፊቷ ነደደ።

«ማዘዣውን ስጽፍ ይውጡ ነበር» አለ ሐኪሙ። «አሁን መርፌ ነው የሚሻላቸው፤ ጡንቻ ላይ የሚወጋ። የተስተካከለውን ማዘዣ ፎቶ አንስቼ አሁኑኑ እልክልሻለሁ፤ ዋናውን ነገ ታገኚዋለሽ። ሁሩሙ ጤና ጣቢያ አብደታ የሚባል ነርስ አለ፤ እሱ ይወጋቸዋል። ግን ዛሬ መኪና የለም። እሷም ስልክ የላትም።»

ዛሬ መኪና የለም። አዛውንቱ ዛሬም ሊያቃስቱ ነው፤ በእሷ ምክንያት። ትህትና ተኛች እንበል እንጂ አልተኛችም። ደግሞ ይገርማችኋል፤ አመል ከመቃብር በላይ ነውና አንድ ጊዜ «ሐኪሙና ሴትዮዋ ተመሳጥረው ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባት። አፈረች። ብታፍርም ሐሳቡ አልሄደላትም። «መድኃኒቱን ይዤ ራሴ እሄዳለሁ፤ በዓይኔ አያለሁ» ብላ ወሰነች። ግማሹ ጸጸት ነው፣ ግማሹ ያው ጥርጣሬ።

ጧት መድኃኒት ቤቷን ከፍታ የመርፌውን መድኃኒት ብልቃጦችና ሲሪንጆቹን በካርቶን አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስትቸኩል መብራቱን ሳታጠፋ የብረት መዝጊያውን ጎትታ ቆለፈች። ጋሼ ካሚል ገና አልከፈቱም። ከሐኪሙ በቀር ለማንም ሳትናገር የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዘች።

ሁሩሙ ጤና ጣቢያ አብደታን አገኘችው፤ ሐኪሙ ደውሎለት ይጠብቃት ነበር። ፈገግታ የማይለየው፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ ወጣት ነው። በቡናው ሥር ባለችው ጭቃማ የእግር መንገድ እየወሰዳት «የት ነው የተማርከው? አዛውንቱን ታውቃቸዋለህ? ስማቸው ማን ነው?» ትለዋለች።

«ጋሼ ኢቲቻ ናቸዋ» አለ አብደታ። «ጎሬ ፍርድ ቤት ተላላኪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ነው እዚህ የገቡት። ምነው እህቴ፣ እኔንም ጠረጠርሽኝ እንዴ?»

«የለም፣ ዝም ብዬ ነው።»

ቤቱ ከነንብ ቀፎዎቹ ከቡናው መሐል ብቅ አለ። በሩ ላይ የጋሼ ኢቲቻ አሮጊት ባለቤት ተቀበሏቸው። «ባጋ ነጋን ዱፍተን» አሉ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው። ትህትና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፤ ዓይኗ ግን ቀድሟት ቤት ውስጥ ገብቶ ይበረብራል።

አልጋው ላይ የተኙትን ሰው ስታይ ግን መበርበሩ ቆመ። ጋሼ ኢቲቻ ቆዳና አጥንት ሆነዋል። ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ ብርድ ልብሱን ነክሰው ነው ሕመሙን የሚችሉት። ራስጌያቸው የማር ኩባያ አለ፤ ማሩ ውስጥ የተቀደዱ የእንክብል ቀፎዎች ተጣብቀዋል። አገጫቸው ላይ የደረቀ ማር አለ። ትህትና ኩባያውን አንስታ አየችው። ሁሉም እውነት ነበር፤ አንድ የተዋሸ ነገር የለም። 

አብደታ ሰዓት አላጠፋም። የብልቃጧን አንገት ሰብሮ ሲሪንጁን ሞላ፣ አዛውንቱን በአክብሮት ወደ ጎን አዙሮ ታፋቸው ላይ ወጋቸው። «አይዞዎት ጋሼ፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቅዎታል» አለ።

አዛውንቱ ዓይናቸውን ወደ ትህትና አዞሩ። አማርኛቸው የፍርድ ቤት አማርኛ ነው፤ ድምፃቸው ግን ከሹክሹክታ አያልፍም። «መድኃኒተኛዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥሽ። ልጄ ትናንት ዝናብ ሲመታት ዋለ። መድኃኒቱ አልቋል ነው ያሉኝ አለችኝ።»

ትህትና የምትገባበት ጠፋት። መድኃኒቱ አልቋል! ቢሊሴ አማቷ ፊት ስሟን አላጠፋችም፤ የስሙንም ነገር አላነሳችም። የከለከለቻትን ሴት ሸፍናላታለች። ትህትና «አላለቀም ነበር፣ ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ስትከፍት አሮጊቷ ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ሳቧት። እያለቀሱ በኦሮምኛ አንሾካሾኩላት። አብደታ ተከትሎ ወጥቶ አስረዳት።

«ቢሊሴ የለችም» አለ። «ገና ሳይነጋ ተነስታ በእግሯ ወጥታለች፤ መንገድ ላይ መኪና ካገኘች ብላ። መቱ፣ አንቺ ዘንድ ነው የሄደችው። ‹አልቻልኩም፣ እጠራዋለሁ› ብላ ለአማቷ ለእማማ ነግራቸዋለች። ጋሼ አያውቁም። እማማና ቢሊሴ አብረው ሲያለቅሱ ነው ያደሩት።»

«አትጥራው!» አለች ትህትና። «መድኃኒቱ እዚህ ነው እኮ፣ ምን ያደርግላታል!» ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ወደ ጓሮ ሮጠች፣ የለም። ወደ ቤት ስትመለስ፣ ልክ አልጋው አጠገብ፣ አንድ መስመር ብቅ አለችላትና የጋሼ ካሚልን ቁጥር ልትነካ ስትል ስልኩ ራሱ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው በዝናቡ መሐል አልሰማ ስላላት ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

«ትህትናዬ! የት ገባሽ አንቺ ልጅ?» ጋሼ ካሚል ይጮኻሉ። «አንዲት ሴት በርሽ ላይ ሆና ብረቱን እየደበደበች ነው! መብራቱን በስንጥቁ አይታ ‹ውስጥ ናት፣ እኔን አይታ ነው የቆለፈችው› ትላለች። የለችም ብንላት አታምንም። የአንድ ሰው ስም እየጠራች ትጮኻለች፤ መንገደኛው ሁሉ ሰው ሞቶባት ነው ብሎ ተሰብስቧል…»

«ጋሼ ካሚል፣ ዝም ያሰኟት! ይንገሯት…»

ከጋሼ ካሚል ድምፅ ኋላ ግን የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። ብረት ይንኳኳል፣ ዝናብ ይወርዳል፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ቢሊሴ።

«ኢቲቻ! ኢቲቻ ነው ስሙ! ኢቲቻ ደቅሲሳ! ጠራሁት እኮ፣ ዶክተር! ጠራሁት! ክፈቱልኝ! ኢቲቻ!»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደረቀ። አሮጊቷ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አብደታ መሬት መሬት አየ። ትህትና ስልኩን ልትዘጋው ቸኮለች፤ ዘግይታለች። አዛውንቱ ሰምተዋል። ዓይናቸው ተከፍቶ ስልኩ ላይ ተተክሏል። ልጃቸው ካገባት ጀምሮ ከዚያች አፍ ስማቸውን ሰምተው አያውቁም። አሁን መቱ መሐል አደባባይ፣ መንገደኛ ፊት፣ በጩኸት ሰሙት።

ትህትና ይቆጣሉ ብላ ፈራች። የተጠራ ስም አይመለስም፤ ትህትና ሴትዮዋን የያዘችውን ክብር ሁሉ በር ላይ አስጥላታለች፣ ለከንቱ። «ጋሼ፣ የእሷ ጥፋት አይደለም» አለች እያለቀሰች። «እኔ ነኝ ያስገደድኳት። ትናንት መድኃኒቱ ነበረ። ሌባ መስላኝ ነው የከለከልኳት።»

 አዛውንቱ አጥንት ብቻ የቀረ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው» አሉ።

ትህትና ተንበርክካ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋችላቸው። ከወዲያ ቢሊሴ አሁንም ትጠራለች፣ ድምፅዋ እየሰነጠቀ፦ «ኢቲቻ! ኢቲቻ!»

ታናሽ ሲጠራ ሽማግሌ ሰው «ወይ» ነው የሚለው። «አቤት» ለታላቅ ነው፤ ለአባት፣ ለዳኛ። ጋሼ ኢቲቻ ምራቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ፣ አልወረደላቸውም፤ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ።

«አቤት» አሉ። «አቤት፣ ልጄ።»

ከወዲያ ብረቱን የሚደበድበው እጅ ቆመ።